ጠረጴዛ ሐዲድ የለውም

ከኢንሺራህ ጋር ከተዋወቅን ሃያ ሁለት ዓመት አለፈን። እሷ ላይኛው ፎቅ ፕሮግራም ትጽፋለች፣ እኔ ምድር ቤት ሽቦ እበይዳለሁ። መሥሪያ ቤታችን ጣንጣ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ የሽምብራ ቆሎ ሽታ በመስኮት ሰተት ብሎ የሚገባበት ሕንፃ ላይ ነው። ስንበዛ አሥራ አንድ ሰው እንሆናለን። ቀድሞ የሊፍት መቆጣጠሪያ እንሠራ ነበር፤ ሊፍት የሚያስገባ ሰው ሲጠፋ ግን ባለቤቱ ኡስታዝ ቡሽራ ፊታቸውን ወደ ባጃጅ አዞሩ።

ኢንሺራህ የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ ናት። በልጅነቷ አባቷ ለጸሎት ወጣ ሲሉ የደንበኛ ሬዲዮ ከፍታ አንዲት ነገር ትነቅልና ምኑ ዝም እንደሚል ታያለች፤ ከዚያ መልሳ ትሰካለች። አንዳንዴ የነቀለችውን ትታ የሌላ ሬዲዮ ዕቃ ትሰካበታለች። አባቷ ሲደርሱባት አልመቷትም፤ ደንበኛው ሲመጣ «ምን እንደሆነ አንቺው ንገሪያቸው» ብለው ፊት ለፊቱ አቆሟት። ያን ቀን የተማረችውን ዛሬም ትናገራለች። «የሠራሁትን ጥፋት ማስረዳት እንደምችል አወቅሁ። ከዚያ በኋላማ ማን ይችለኛል» ትላለች።

ተንኮሏ ክፋት የለበትም ብል ግማሹን ዋሽቻለሁ። አንድ ሰሞን ከኡስታዝ ቡሽራ ኮምፒውተር ጀርባ ጥፍር የምታክል የገመድ አልባ ማውስ መቀበያ ሰካችና፣ ማውሱን ይዛ ከግድግዳው ወዲያ ተቀመጠች። ኡስታዝ ደብዳቤ ሊጽፉ ሲሉ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ትሸሻቸዋለች፤ ሊተዉት ሲሉ ትመለሳለች። ሁለት ቀን ሙሉ ስክሪኑን በጨርቅ ሲያሹ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን እኔን ጠሩኝ።

«ነዚሃ፣ ነይ እስኪ እዪልኝ። ይህ ነገር ሳይጠላኝ አይቀርም።»

መቀበያዋን ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ተነሥተው ወጡ፣ በኢንሺራህ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨው ጨመሩ፣ አማሰሉት፣ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። አለቃችን እንዲህ ያሉ ናቸው።

የባጃጁ ሳጥን ነገር የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሳጥኑ ከሾፌሩ ራስ በላይ ይገጠማል። ፍላሽ ሲሰኩበት ይዘፍናል፣ ሲነቅሉት ዝም ይላል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ውስጡ ያለችው አንጎል፣ ማለትም ቺፗ፣ ትንሽ ናት፤ የአንድ ሰከንድ ተኩል ዘፈን ብትይዝ ነው። ትልልቆቹ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናዎች እዚያ ውስጥ እግራቸውን እንኳ መዘርጋት ስለማይችሉ ኢንሺራህ የራሷን ትንሽ ጻፈችላት። ፍላሽ ሲሰካ አንጎሏ «ገባ» የሚል ወሬ ይደርሳታል፤ ሲነቀል «ወጣ» የሚል። «ገባ» ስትባል ከመጀመሪያው ዘፈን መጀመሪያ ትነሣለች። «ወጣ» ስትባል ሁሉን እርግፍ አድርጋ ትረሳለች። ኡስታዝ ቡሽራ ሳጥኑን ጠረጴዛቸው ላይ አኑረው ሃምሳ ጊዜ ሰኩ፣ ሃምሳ ጊዜ ነቀሉ፤ አንዴም አልተሳሳተችም። ሦስት መቶ ሳጥን ሸጥን።

ሦስት ወር እንዳለፈ አንድ ባለ ወፍራም ጢም ሰው ሳጥኑን በብብቱ ሸጉጦ ደረጃውን ወጣ። ሺሃታ ይባላል፤ ከጣቢያው የባቡር ሐዲዱን እየተሻገረ እስከ ዓሣ ገበያው የሚመላለስ የባጃጅ ሾፌር ነው። ጠብ ሊያነሣ እንደመጣ ከእርምጃው ያስታውቅ ስለነበር እኔም ተከትዬው ወጣሁ።

«ይህን የጻፈው ሰውዬ የታለ?»

«እኔ ነኝ» አለች ኢንሺራህ፣ ከመነጽሯ በላይ እያየችው።

የእናቱ እኩያ የምትሆን ሴት አልጠበቀም። ያዘጋጀውን ስድብ ዋጥ አደረገና «አብላ» አለ፣ ታላቅ እህቱን እንደሚጠራ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወረደች ወይስ አልወረደችም?»

«ማን?»

«ልጅቷ። ከሰገነቱ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሺሃታ የሚወደው ዘፈን ውስጥ አንድ ሰው ከወዳጁ ሰገነት ሥር ቆሞ «ትወርጂያለሽ ወይስ ልሂድ» እያለ ይለምናል። መልሷ ያለው በዘፈኑ ሦስተኛ አንጓ ላይ ነው። ባጃጁ ግን እዚያ ሳይደርስ ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓድ በገባ ቁጥር ፍላሹ የዓይን ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ ከሶኬቱ ላላ ይልና ይመለሳል፤ አንጎሏም «ወጣ»፣ «ገባ» ትባላለች። ያን ጊዜ ሰውየው እንደገና ከሰገነቱ ሥር ይቆማል።

«ሰውየውን ሦስት ወር ሙሉ እዚያ አቆምኩት» አለ ሺሃታ። «ተሳፋሪዎቼ መሳለቂያ አድርገውኛል። ጠዋት ገና ሲሳፈሩ 'ሾፌር፣ ዛሬስ ምን አለችው?' ይሉኛል።»

«ታዲያ በስልክህ አትሰማውም?»

«እኔ የከፈልኩት እዚህ ሳጥን ውስጥ እንድትወርድ ነው።»

ኢንሺራህ ሳቋን ለመደበቅ ሳጥኑን መገልበጥ ጀመረች። ኡስታዝ ቡሽራ ግን ድምፅ ሰምተው መጡና ነገሩን ካዳመጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ቀስ ብለህ ንዳ። ሳጥኑን እኔ ራሴ ጠረጴዛ ላይ ሃምሳ ጊዜ ፈትኜዋለሁ።»

«ኡስታዝ» አለች ኢንሺራህ፣ «ጠረጴዛዎ ሐዲድ የለውም።»

ከዚያ ወደ ሺሃታ ጠጋ ብላ፣ አለቃዋ እንዳይሰሙ፣ «ወደ ዓሣ ገበያ በየት በኩል ሲኬድ ነው የሚብሰው?» አለችው።

«ሐዲዱን ተሻግሮ በቦዩ ዳር።»

«በዚያ ትወስደናለህ።»

ያን ጉዞ ሺሃታ እስከ ዛሬ ይተርከዋል። ኢንሺራህ «መንገዱን ራስዎ ይዩት» ስትላቸው ኡስታዝ ቡሽራ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ ከረጢት ቆሎ ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። ኢንሺራህ አጠገባቸው፣ ኮምፒውተሯን በጭኗ አድርጋ ከሳጥኑ ጋር በገመድ አገናኘችው፤ አንጎሏ የሚደርሳት ወሬ ሁሉ በስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ይወርዳል። እስከ ሐዲዱ ድረስ ሰላም ነበር። ሐዲዱ ላይ ሲወጡ ዘፋኙ ሰውዬ «ትወርጂ፣ ትወርጂ፣ ትወር፣ ት» እያለ ይንተባተብ ጀመር። ቆሎው ከከረጢቱ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ኡስታዝ ኮሌታ ሄደ።

«እሺ፣ ገባኝ» አሉ ኡስታዝ ቡሽራ።

«ገና ነው ኡስታዝ። ቦዩ ይቀራል» አለች።

«ኢንሺራህ፣ ገባኝ አልኩሽ እኮ።»

«ሺሃታ፣ ምን አሉ? አልሰማሁም፣ ሞተሩ ይጮሃል» አለች እሷ፤ ሺሃታም እንዳልሰማ ሆኖ ነዳ።

ቦዩ ዳር ሲደርሱ ሳጥኑ ጭራሽ ዝም አለ። ፍላሹ ሶኬቱ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንጎሏ ግን የለም ብላ አምናለች። ኢንሺራህ ፈገግታዋ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። ዘፈኑ እንደሚደጋገም አስቀድማ ገምታ ነበር፤ ይህን ግን አላሰበችውም። ዓሣ ገበያው እስኪደርሱ አንገቷን ከስክሪኑ አላነሣችም። ስትቆጥረው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ «ወጣ» ተብሏል። «ገባ» የተባለው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ ነበር።

የጠፋችውን አንዷን «ገባ» ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀባት። ለአንጎሏ ወሬ የሚሰለፍባቸው ስምንት ቦታዎች ብቻ ነበር የሰጠቻት፤ ሚሞሪው ትንሽ ስለሆነ ቆጥባ ነው። ቦዩ ዳር ወሬ እየተገፋፋ ሲመጣ ሰልፉ ሞላ፣ የመጨረሻዋ «ገባ» ቦታ አጥታ ወደቀች። አንጎሏ የሰማችው የመጨረሻ ወሬ «ወጣ» ስለሆነ፣ ፍላሹ እዚያው ተቀምጦ እያለ ሄዷል ብላ ዝም አለች።

ምድር ቤት ወርዳ ሻይ እየጠጣች ይህን ስትነግረኝ በራሷ ተናዳ ነበር። «ከሬዲዮ ቤት የወጣሁ ሴት፣ በወሬ የሚያምን ነገር ሠራሁ» አለች። «ከእንግዲህ ወሬ ሲደርሳት ወሬውን አታምንም። ተነሥታ ሶኬቱን ታያለች። ስንት ጊዜ ወጣ ገባ እንደተባለ ምን ያደርግላታል? አሁን አለ ወይስ የለም፣ ይኸው ነው።»

ሁለተኛው ለውጥ ትዕግሥት ነበር። ፍላሹ ቢጠፋ እንኳ አንጎሏ ወዲያው አትረሳም፤ ዘፈኑ የደረሰበትን ቦታ ምልክት አድርጋ ሁለት ሰከንድ ትጠብቃለች። በዚህ መሐል ፍላሽ ከመጣ መለያ ቁጥሩን ትጠይቀዋለች። ያው የነበረው ከሆነ ካቆመበት ትቀጥላለች፤ ሌላ ከሆነ ከአዲስ ትጀምራለች።

ሺሃታ አዲሱን ሳጥን በደስታ ገጥሞ ሄደ። በማግሥቱ ፊቱን ጥሎ ተመለሰ።

«ምነው፣ አሁንም ያቋርጣል?» አለችው።

«አያቋርጥም። ሐዲዱ ላይ እንኳ አያቋርጥም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «'ሂድ' አለችው፣ አብላ።»

«ማን? ልጅቷ?»

«ሦስት ወር ደጅ አስጠንታ፣ 'ሂድ' ብቻ። ሁለት አሮጊቶች አሳፍሬ ነበር፣ አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ አጽናናችኝ። እባክዎ የድሮውን ይመልሱልኝ። በድሮው ቢያንስ አልመለሰችም ነበር።»

ኢንሺራህ የድሮውን አልመለሰችለትም፤ ሌላ ዘፈን ጫነችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ። ለዚህ ነው የሺሃታ አጎት መሕሩስ ሲያገባ እኛም የተጠራነው።

መሕሩስ ሚስቱ ከሞተችበት ዘጠኝ ዓመት የሆነው፣ ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱ ሲቀመጥም ሲነሣም የሚንቋቋ ደግ ሰው ነው። ሙሽራዋ ዳውላት ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ልብስ ሰፊ። ሠርጉ በሰፈራቸው መንገድ ላይ ድንኳን ተጥሎ ከቀትር በኋላ ነበር። ሺሃታ ሳጥኑን ከባጃጁ ፈቶ ከሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ጋር አያይዞታል። የአጎቱ ፍላሽ ተሰክቶ የሙሽራ ዘፈን ያስተጋባል። እስከዚህ ድረስ ነውር የለውም።

ከሠርገኛው መሐል ገሪብ የሚባል ጎረቤት ነበር፤ በጭነት መኪና እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ። እሱም የኛን ሳጥን መኪናው ላይ ገጥሞ ጥሪውን በፍላሽ ቀድቶ ያሰማል፤ ሲጮህ ከመዋል ጉሮሮው አርፏል። በዚያው ፍላሽ ላይ ከጥሪው ቀጥሎ አንድ የጭፈራ ዘፈን አለው። ሙሽሮቹ ከድንኳኑ ደጃፍ ሲደርሱ ገሪብ ሞቅ ብሎት «ለእንዲህ ያለ ቀን የኔ ዘፈን ነው የሚሆነው» አለና የመሕሩስን ፍላሽ መንጭቆ በሌላ እጁ የራሱን ሰካ። እጁ ፈጣን ነው፤ ሁለት ሰከንድ አልሞላም።

አንጎሏ መለያ ቁጥሩን ጠየቀች። ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ ካቆመችበት ቀጠለች፤ የመጀመሪያው ፋይል፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ። የገሪብ የመጀመሪያ ፋይል ደግሞ ጥሪው ነው።

መሕሩስ ክንዱን ለሙሽራዋ ሰጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ምንጣፉን በረገጠበት ቅጽበት ስፒከሮቹ በገሪብ ድምፅ አንባረቁ። «ያረጀ እንገዛለን፤ የተሰበረ እንገዛለን። ለብዙ ዘመን ያገለገለ፣ ሞተሩ የደከመ፣ በሩ አልዘጋ ያለ፣ አውጡልን፣ ከቤት ድረስ መጥተን እናነሣለን።»

መሕሩስ አንድ እግሩ አየር ላይ ቀረ። ገሪብ ፍላሹን ሊነቅል ሲሻማ ሺሃታም ሊያጠፋ ሲሻማ ተጋጩ፣ ጥሪውም ቀጠለ። ዳውላት ግን እጇን ከሙሽራው ክንድ ሳታወጣ ወደ ገሪብ ዞራ፣ ለመንገዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ወንድሜ፣ ይሄንን አልሸጥም። ገና ዛሬ ነው የገዛሁት» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይከብዳል። አንዲት ወፍራም ሴት ከወንበሯ ወደቀች። ዳውላት ራሷ በሳቅ መቆም አቅቷት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቁ ጋብ ሲል ደግሞ የሰው ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ኢንሺራህ ዞረ።

«እኔ አይደለሁም» አለች።

ማንም አላመናትም። ኡስታዝ ቡሽራ ጎንበስ ብለው «የማውሷ ሳይረሳ ይህ ተደረበ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ አድናቆት ነበረበት። ሺሃታ ከሩቅ በዓይኑ «ጉድ አደረጉን» አላት። ኢንሺራህ በእናቷ ስም ማለች፣ በአባቷ መቃብር ማለች። በማለች ቁጥር ይብሱን ሳቁ። በሕይወቷ አንዴ ንጹሕ ብትሆን ምስክር አጣች። ሩዙንና ሥጋውን ሳትቀምስ ሄደች፤ ስትሄድ ጆሮዎቿ ቀልተው አየሁ።

በማግሥቱ ኬክ ገዝታ፣ እኔን አስከትላ መሕሩስ ቤት ሄደች። ሳትቀመጥ ማስረዳት ጀመረች። «ርካሽ ፍላሾች የት እንደሚሠሩ አይታወቅም፤ የሚሠራቸው ሰው ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ለመስጠት ሰንፎ ሁሉንም በአንድ ቁጥር ያወጣቸዋል። የእርስዎና የገሪብ ከአንድ ሱቅ ናቸው። ሳጥኑ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ አያቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቁጥር ብቻ አምኜ፣ ግን ሆን ብዬ አላደረግሁትም።»

መሕሩስ እስክትጨርስ ሰማት። «ተቀመጪ» አላት። ከጓዳ የዳውላት ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ለጎረቤት በስልክ እየተረከች ነው። «ከትናንት ጀምሮ አላቆመችም። ይህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፅ አልነበረውም። ሆን ብለሽ ቢሆን ኖሮ ባመሰግንሽ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ሆን ብዬ አይደለም፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው ለአላህ ምስጋና ይግባው» አለና ኬኩን ቆረሰ።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ፍላሽ ተራ ገባች። እያንዳንዱን በትንሿ ኮምፒውተሯ እየሰካች ቁጥሩን ትጽፋለች። ባለ ሱቁ መጀመሪያ ደንበኛ አገኘሁ ብሎ ወንበር አወጣላት፤ ሃያኛው ላይ ወንበሩን ወሰደባት። ከአርባ ፍላሽ ሠላሳ አንዱ አንድ ቁጥር ነበራቸው። «እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው» አለችው። እሱም «ዋጋቸውም አንድ ነው፣ ምን ቸገረሽ?» አላት።

አዲሱ ፕሮግራሟ ከመለያ ቁጥሩ በተጨማሪ የፍላሹን የመያዝ አቅም፣ የመጀመሪያውን ፋይል ስምና ርዝመት ይጠይቃል። አንዱ ካልገጠመ እንግዳ ነው፤ ከአዲስ ይጀመራል። በሳምንቱ ገሪብ መጣና አልተስተካከለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ተስተካክሏል ስትለው ቅር አለው። ከሠርጉ ወዲህ ልጆች መኪናውን ባዩ ቁጥር ጥሪውን ከነዜማው ስለሚያዜሙለት ሦስት የልብስ ማጠቢያና አንድ ፍሪጅ አግኝቷል። «ሌላ ሠርግ ላይ አንዴ ብቻ ቢደገም?» አለ። ኢንሺራህ ለረጅም ጊዜ ስታስብ አይቼ ፈራሁ። በመጨረሻ «አይሆንም» አለችው፣ እየቆጫት።

ኡስታዝ ቡሽራም ተምረዋል። አንድም ሳጥን በሐዲዱና በቦዩ ሳይሄድ አይወጣም ብለው ደነገጉ። ፈታኙ ሺሃታ ሆነ፤ በቀን አበል፣ ማኅተም ያለበት «የመንገድ ፈታኝ ባለሙያ» የሚል ካርድ ተሰጠው። ካርዱን በፕላስቲክ አስለብጦ መሪው ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ አነዳዱ ሌላ ሆነ።

አንድ ረፋድ እኔና ኢንሺራህ ሻይ ይዘን ሳለን ስልክ ጮኸ። የትራፊክ ፖሊስ ነው። «አንድ የባጃጅ ሾፌር ሐዲዱን እንደ ፈረሰኛ ሲዘል ይዤው፣ 'ሥራ ላይ ነኝ፣ ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደውልና ጠይቅ' ይለኛል» አለ።

«እውነቱን ነው፣ ሥራ ላይ ነው» አለች ኢንሺራህ።

ከስልኩ ወዲያ ሺሃታ «አየህ?» ሲል ተሰማን።

«ግን» ቀጠለች፣ ሻይዋን ፉት ብላ፣ «ውላችን ላይ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ነው የሚለው። በስንት ነበር ሲሄድ የያዙት?»

ከዚያ ፖሊሱ ቅጣቱን ሲጽፍ የወረቀቱ ኮሽታ፣ ሺሃታም «አብላ፣ አብላ» ሲል ተሰማ። ፖሊሱ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህ ሳጥን ለሞተር ሳይክል ይሠራ እንደሆነ ጠየቃት።

ሺሃታ ስምንት ቀን አኮረፋት። በዘጠነኛው ቀን አዲስ የተበየዱ አሥራ ሁለት ሳጥኖች እኔ ጋ ተደርድረው ሲያይ መጥቶ አነሣቸው፤ ኢንሺራህ ደረጃው ሥር ቆማ ስታየው ዓይኗን ሳያይ «ሃያ ኪሎ ሜትር» ብሎ አጉረመረመና ሞተሩን አስነሣ።